የተርባይን ብሌድን ለምን አተም በአተም አናሰላውም?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። ባህር ዳር የሜካኒካል ኢንጂነሪንግ ማስተርስ ተማሪ ነኝ። ቴሲሴ የጄት ሞተር ተርባይን ብሌድ (በጋለ ጋዝ የሚሽከረከረው ምላጭ) በሙቀትና በጭነት ስንት ሰዓት እንደሚቆይ በኮምፒውተር መገመት ነው። በፋይናይት ኤለመንት፣ ማለትም ብሌዱን በትንንሽ ክፍሎች ከፋፍሎ በማስላት፣ ጀምሬው ነበር፣ አማካሪዬ ግን መልቲስኬል አድርጊው፣ ከአተም እስከ ሙሉው ብሌድ በየደረጃው አስዪው አለኝ። ኮምፒውተር እንዲህ ከበረታ ለምን አተሞቹን በቀጥታ አናሰላም? ካልሆነስ ሁሉንም ደረጃ መስራት ግዴታ ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ሀሳብሽ ደስ ይላል ግን ቁጥሩ እሺ አይልም። 1 ግራም ኒኬል ውስጥ 1 ብለሽ ከኋላው 22 ዜሮ ብትደረድሪ ያን ያህል አተም አለ፣ ትልልቅ የሚባሉት ሲሙሌሽኖች ትሪሊዮን ቤት ቢገቡ ነው፣ እሱም ለቅጽበት። ከብዛቱ የሚብሰው ደሞ ጊዜው ነው፤ አተም በጣም ፈጥኖ ስለሚርገበገብ ታይም ስቴፑ፣ ስሌቱ በአንድ እርምጃ የሚሄደው ጊዜ፣ 1 ፌምቶሰከንድ ገደማ መሆን አለበት፣ ለ1 ሰከንድ 1,000 ትሪሊዮን ስቴፕ ማለት ነው፣ ብሌዱ ግን ቀስ እያለ የሚለጠጠው፣ ክሪፕ የምንለው፣ በሺህ ሰዓታት ነው። አንዳንዱ ለማሳጠር ብሎ ብረቱን በኃይል ፍጥነት ይስበዋል፣ ስትሬሱም (ብረቱ ውስጥ ያለው ጫና) ተጋኖ ይወጣል፣ ግራፉ ያምራል እንጂ ለክሪፕ እኔ ብዙም አላምነውም።

ስለዚህ ስራው ይከፋፈላል። ከታች በኳንተም ስሌት መቶ ምናምን አተም ይዘሽ አንድ አተም ወደ ባዶ ቦታ ለመዝለል ስንት ኢነርጂ እንደሚፈልግ ታወጫለሽ፣ ቀጥሎ ዲስሎኬሽኖቹ፣ የአተሞቹ አሰላለፍ የተዛነፈባቸው መስመሮች፣ ቅይጡ ውስጥ ባሉት ግማሽ ማይክሮን በሚያክሉት የኒኬልና አሉሚኒየም ኪዩቦች መሀል በጠባቡ መንገድ እንዴት እንደሚሾልኩ ታያለሽ፣ ክሪስታል ፕላስቲሲቲ የሚባለው፣ ክሪስታሉ እንዴት ቅርጹን እንደሚቀይር የሚያሰላው ሞዴል፣ ያንን ወደ ቀመር ይቀይርና ለፋይናይት ኤለመንቱ ያቀብለዋል።

ሰው የሚሸወደው ውጤቱ ከደረጃ ወደ ደረጃ ሲቀባበል ነው። የክሪፕ ፍጥነት ከዛ የመዝለያ ኢነርጂ ጋር የተያያዘው በኤክስፖኔንሻል ስለሆነ 1,000 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ 0.1 ኤሌክትሮን ቮልት (በአተም ደረጃ ኢነርጂ የሚለካበት አሃድ) ብትስቺ ፍጥነቱ 2.5 ጊዜ ያህል ይዛባል፣ 0.2 ከሳትሽ ከ6 እጥፍ ያልፋል። 10,000 ሰዓት ይቆያል ያልሽው 4,000 ላይ ሊያልቅ ይችላል እኮ! ሙቀቱም እንደዛው ነው፣ ኢነርጂው 3 ኤሌክትሮን ቮልት ቢሆን የ25 ዲግሪ ስህተት ብቻውን 1.7 ጊዜ ያዛባዋል፣ ብሌድ ደሞ ከውስጥ በአየር እየቀዘቀዘ ከውጭ ስለሚነድ ሙቀቱ ከቦታ ቦታ ይለያያል።

ሁሉንም ደረጃ መስራት ግዴታ አይደለም፣ እንደውም አትስሪው። መጀመሪያ የሙቀት ካርታሽን አስተካክዪ። የምትሰሪበት ቅይጥ የታወቀ ከሆነና በአንቺ ሙቀትና ጭነት የተለካ የክሪፕ ዳታ ካለው እሱን ፋይናይት ኤለመንቱ ውስጥ አስገቢና ጨርሺ። ወደ ታች መውረድ የሚያዋጣው ዳታው ከሚሸፍነው ውጭ ስትወጪ ወይ ቅይጡን ስትቀይሪ ነው፣ ለምሳሌ ቅይጡ ውስጥ የሚጨመረውን ሬኒየም የሚባል ብረት ብቀንሰውስ ብለሽ ከሆነ፣ ያኔም የጎደለሽን አንዱን ደረጃ ብቻ ስሪ። አማካሪሽን ቅይጡ የትኛው እንደሆነ ዛሬውኑ ጠይቂው፣ እሱ ሳይታወቅ ኮድ መጻፍ አትጀምሪ።