ሰውና ተፈጥሮን ለሚመለከት ሠዓሊ፦ ኤልያስ ስሜን እይ

ወንድሜ፣ «ኮምቦልቻ ነው ያለሁት፤ ስለ ሰውና ተፈጥሮ ከሚሠሩ የአገራችን ሠዓሊዎች የማንን ሥራ ልይ?» ብለህ ጠይቀሃል። እኔ ያለማመንታት ኤልያስ ስሜን እልሃለሁ።

ኤልያስ የአዲስ አበባ ልጅ ነው። ከመርካቶ ምናለሽ ተራ የተጣሉ የኮምፒውተር ቦርዶች፣ የኪቦርድ ቁልፎችና ሽቦዎች ይሰበስባል። ባለቀለሙን ቀጭን ሽቦ እንደ ሹሩባ ጎንጉኖ እንጨት ላይ ይደረድረዋል። ከሩቅ ከአውሮፕላን የታየ ማሳ ይመስልሃል። ጠጋ ስትል ግን የጣልነው ዕቃ ነው። ለእኔ የሥራው ጉልበት ያለው እዚያች ጠጋ የምትልባት እርምጃ ላይ ነው።

ከዐውደ ርዕይ አዘጋጇ ከመስከረም አሰግድ ጋር የመሠረቱት ዞማ ሙዚየም በ2019 እ.ኤ.አ. ተከፍቷል። ግድግዳው ጭቃና ጭድ ነው። ለእኔ ለደሴ ልጅ የአያቴን ቤት ነው ያስታወሰኝ። አዲስ አበባ ከሄድክ ሳታየው እንዳትመለስ።

እስከዚያው ቦርከና ወንዝ ዳር ውረድ። ዝናብ ካባራ በኋላ ቁጥቋጦው ላይ የተጠመጠመውን ፌስታል ልብ ብለህ እይ። እኔ አንዱን ሳልነካው እንዳለ ሣልኩት። ጭቃው፣ ቅጠሉ፣ ፌስታሉ አንድ ላይ ተጣብቀው ነበር፤ የቱ የቱ እንደሆነ ለመለየት ብዙ አፍጥጫለሁ። ቀለም ከሌለህ በከሰል ጀምር። ስትጨርስ ፎቶ አንስተህ ለጥፍልን፣ ማየት እፈልጋለሁ።