ከፎቶው ሥር ምን ልጻፍ?

ጥያቄ፦ ጋቢ፣ ነጠላና የሐበሻ ቀሚስ በኢንስታግራምና በቴሌግራም እሸጣለሁ። ከፎቶዎቹ ሥር ሁልጊዜ «ውብ ቀሚስ፤ ለዋጋ በውስጥ መስመር ያናግሩን» ብዬ ብጽፍም የሚጠይቀኝ ሰው ጥቂት ነው። ምን ባሻሽል ይሻላል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ውበቱን ፎቶው ራሱ ስለሚናገር፣ ጽሑፍዎ ዓይን የማያየውን ቢገልጽ ይመረጣል፤ ይኸውም ድሩና ማጉ ከምን እንደሆነ፣ ጥለቱ በእጅ መሠራቱን፣ ሸማኔው ስንት ቀን እንደደከመበትና ልብሱ እንዴት እንደሚታጠብ ነው። ኢንስታግራም እስከ 2,200 ቁምፊ (ፊደል፣ ክፍተትና ምልክት ሁሉ ተቆጥሮ) ቢፈቅድም፣ አንባቢው ቀሪውን ለመክፈት ጽሑፉን ሳይነካ የሚታየው 125 ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ «ይህን ጥለት ሸማኔው በ12 ቀን ጨረሰው» እንደሚለው ያለ እውነተኛና ተጨባጭ ዓረፍተ ነገር በመጀመሪያው መስመር ላይ ያስቀምጡ። በቴሌግራም ነፃ አገልግሎት ከፎቶ ጋር የሚሄደው ጽሑፍ ከ1,024 ቁምፊ አይበልጥም።

ዋጋውን ግን እባክዎ በግልጽ ይጻፉት፤ ብዙ ሰው ዋጋ ለመጠየቅ ስለሚያፍር ዝም ብሎ ያልፋል፣ ይህም ለእርስዎም ለሸማኔውም ኪሳራ ነው። በኢንስታግራም ጽሑፍ ውስጥ የሚለጠፍ ሊንክ ሲነካ ስለማይከፈት፣ የቴሌግራም ቻናልዎን ሊንክ በመገለጫዎ ላይ ያስፍሩት።