የሙያ ምክር፦ የአያት ንቅሳት በልጅ ልጅ አንገት

አንዲት የ22 ዓመት ልጅ ከጎንደር ጽፋልኛለች። ዘንድሮ በአካውንቲንግ ትመረቃለች። ቅዳሜና እሁድ ፒያሳ አካባቢ አንድ የባህል ምሽት ቤት ትዘፍናለች። በጥር ደግሞ ሰው ሠርግ ላይ ትዘፍናለች። አያቷ አንገታቸው ላይ እንደ ድሪ የተደረደረ ንቅሳት አላቸው። እሷም ያንኑ መነቀስ፣ ከሥሩም አንድ የግዕዝ ቃል ማስጻፍ ትፈልጋለች። እናቷ «ማን ባንክ ይቀጥርሻል?» ብለው ተቆጥተዋል። «ጋሼ፣ ሙዚቀኛው ሁሉ ተነቅሶ የለ? ምን ይላሉ?» ትላለች።

የኔ እህት፣ የእናትሽ ፍርሃት ከመሬት የተነሣ አይደለም። ንቅሳት ክልክል ነው የሚል ወረቀት ላይኖር ይችላል። ቃለ መጠይቅ ላይ ግን ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው ፊትና አንገት ላይ ነው። አንድ የማውቀው ልጅ ለእንግዳ ተቀባይነት ተወዳድሮ የጽሑፍ ፈተናውን በጥሩ ውጤት አለፈ። ቃለ መጠይቁ ላይ እጁን ጠረጴዛው ላይ ሲያሳርፍ ጠያቂው ጣቶቹ ላይ የተነቀሱትን ፊደላት አየ። ከዚያ በኋላ ስለ ሥራው አንድም ጥያቄ አልቀረበለትም። እስካሁን ያንገበግበኛል።

«ሙዚቀኛው ሁሉ» ያልሽውን በደንብ እንየው። ብሊንክ 182 የሚባለው የአሜሪካ ሮክ ባንድ ከበሮ መቺ ትራቪስ ባርከር ከአንገት እስከ እግር ተነቅሷል። ሆን ብዬ ነው ይላል። ሌላ ሥራ የሚቀጥረኝ እንዳይኖር፣ ከሙዚቃ በቀር መሄጃ እንዳይኖረኝ ብዬ ነው ይላል። እሱ ተሳካለት። እንደሱ በሩን ዘግተው ያልተሳካላቸውን ግን ማንም ጠይቋቸው አያውቅም፤ ስማቸውንም አንሰማም።

አንቺ ደግሞ የምትሠሪው ጎንደር ነው። ከጥምቀት በኋላ ሠርግ በሠርግ ይሆናል፣ ሽልማቱም ይዘንባል። ዐቢይ ጾም ሲገባ ግን ለ55 ቀን ሠርግ የለም፣ ምሽት ቤቱም ጭር ይላል። ያን ጊዜ የቤት ኪራይ የሚከፍልልሽ ዲግሪሽ ነው። ስለዚህ ዲግሪሽን ገና ሳትሞክሪው በሩን አትዝጊበት።

አሁን ወደ አያትሽ ልምጣ፤ ደብዳቤሽን ደጋግሜ ያነበብኩት በሳቸው ምክንያት ነው። በሳቸው ዘመን ነቃሿ በመርፌ ወይም በእሾህ እየወጋች ጥላሸት ታስገባበት ነበር። ሕመም ነበረው። ግን አገሩ ሁሉ ያንን አንገት የሚያየው በአንድ ዓይን ነው፦ ውበት። አዝማሪውም ያወድሰዋል። የአንቺን አንገት የሚያዩት ግን ሁለት ዓይነት ሰዎች ናቸው። ባለፈው ጥር አንድ ሠርግ ላይ አንዲት ወጣት ዘፋኝ እንዲሁ ተነቅሳ አየሁ። ነጠላዋ ሸርተት ሲል አንዲት ባልቴት ከመቀመጫቸው ተነሥተው መጡ። መስመሩን በጣታቸው እየተከተሉ «ማን ነቀሰሽ የኔ ልጅ?» አሏት። እንባቸው መጣ። የባንክ ሥራ አስኪያጅ ግን እንዲህ አያይም።

እኔ የሚሰማኝን ልንገርሽ። ኑሮሽ መድረክ ከሆነ ይህ ንቅሳት ሥራሽን አይጎዳም፣ እንዲያውም ያምርበታል። ከስልክ ላይ ተመርጦ የተነቀሰ ጽጌረዳ ቢሆን እንዲህ አልልሽም ነበር። ግን አሁን አይደለም። መጀመሪያ አንድ ዓመት ሁለቱንም ሥራ ሞክሪ። መጠበቅ ካቃተሽ ንድፉን ትከሻሽ ላይ አስነቅሺው። ለመድረክ ነጠላሽን ዝቅ ታደርጊዋለሽ፣ ለቢሮ ሸሚዝ ይሸፍነዋል።

አንገትሽን ደግሞ በሂና ሞክሪው። ንድፉን በሂና አሥይውና ሳምንት ያህል እንደዚያው ሁኚ። ምሽት ቤት ዝፈኚበት፣ ግቢም ሂጂበት፣ እናትሽም ይዩት። ሰው ምን እንደሚልሽ ብቻ ሳይሆን አንቺ በመስታወት ስታዪው ምን እንደሚሰማሽ አስተውዪ። የንስሐ አባትሽ ንቅሳትን የሚከለክለውን ዘሌዋውያን 19፥28ን ሊያነሡብሽ ይችላሉ። እሱ በአንቺና በሳቸው መካከል የሚያልቅ ነው፣ እኔ አልገባበትም።

የመነቀስሽ ቀን ሲደርስ መርፌው ከነማሸጊያው ዓይንሽ እያየ ይከፈት። በአንድ መርፌ ሁለት ሰው ከተነቀሰ ኤችአይቪም ሄፓታይተስም ይተላለፋል፤ በዚህ ነገር ይሉኝታ አይያዝሽ። ጆሮሽን ስትበሺ ጠባሳው አብጦ ከነበረ አንገትሽም ሊያብጥ ስለሚችል ሐኪም ሳታማክሪ አትነቀሺ። ቁስሉ እስኪድን ሁለት ሦስት ሳምንት ይፈልጋል። በነዚያ ቀናት ማተብሽም ድሪሽም ቁስሉን ይፈገፍገዋል። ስለዚህ ጥር ላይ አይሁን። ሠርጉ አለ፤ በጥምቀትም ከፋሲል መዋኛ የሚረጨው ውኃ ለትኩስ ቁስል አይሆንም።

የግዕዙን ቃል ግን ለመቸኮል ምንም ምክንያት የለሽም። አሜሪካዊቷ ዘፋኝ አሪያና ግራንዴ በ2011 ዓ.ም. የዘፈኗን ርዕስ በጃፓንኛ መዳፏ ላይ አስጻፈች። «ሰባት ቀለበቶች» ለማለት ነበር፤ የወጣው ግን የከሰል ምድጃ ስም ሆነ። ጎንደር ውስጥ ግዕዝ የሚያውቅ ሰው አይጠፋም። ቃሉን በወረቀት ጽፈሽ ቢያንስ ለሁለት ሰው አሳዪ።

በዚህ ሳምንት አንድ ነገር አድርጊልኝ። አያትሽን ጠዋት በረንዳ ላይ አስቀምጪና አንገታቸውን በፀሐይ ብርሃን ፎቶ አንሺ። ቀለሙ በዕድሜ ይደበዝዛል፣ መስመሩም ይፈሳል። የጠፋውን መስመር እሳቸው ያስታውሱታልና አጠገባቸው ቁጭ ብለሽ በእርሳስ ሣዪው። ማን እንደነቀሳቸው፣ ስንት ዓመታቸው እንደነበረም ጠይቂያቸው። ከዚያ ጻፊልኝ።