ሰዓትና ነፋስ ያለበት ሥዕል፦ ስለ ባሕር ዳርቻ የዘይት ቀለም ሥዕሎች የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ በአንድ የሥነ ጥበብ መጽሐፍ ውስጥ ፈረንሳዊው ኧዤን ቡዳን የትሩቪልን ባሕር ዳርቻ የሣለበትን የዘይት ቀለም ሥዕል ተመለከትኩ። ከሥዕሉ የሚበዛው ሰማይ ነው፤ ባሕሩ ቀጭን ሰንበር ሆኖ ይታያል፤ በአሸዋው ላይ የተቀመጡት ሰዎችም ፊት የላቸውም። ታዲያ ይህ እንዴት የባሕር ዳርቻ ሥዕል ይባላል? አብዛኛውን ዕድሜውን በአንድ አካባቢ ዳርቻ ላይ ተመሳሳይ ነገር ሲሥል የኖረ ሰውስ ለምን ይህን ያህል ይከበራል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ሁለቱ ጥያቄዎችዎ አንድ መልስ አላቸው። ሰማዩ ያን ያህል ስፍራ የያዘው ሠዓሊው የዚያ ዳርቻ ሰው ስለሆነ ነው። ቡዳን እ.ኤ.አ. በ1824 በሰሜን ፈረንሳይ በኖርማንዲ፣ የሴን ወንዝ ወደ ባሕር በሚገባበት አፍ ላይ በምትገኘው ኦንፍለር ተወለደ። አባቱ ባሕረኛ ነበር፤ እርሱም ገና በልጅነቱ በጀልባ ላይ ሠርቷል። በጀልባ ያደገ ሰው ወደ ሰማይ ቀና የሚለው ወደ ባሕር ለመውጣት ወይም ለመቅረት ለመወሰን በመሆኑ፣ ደመናው ከየት እንደመጣ፣ ምን ያህል እንደሚፈጥንና ከሥሩ ያለውን ውሃ ምን ዓይነት ቀለም እንደሚያለብሰው ሳያስተውል አያልፍም። ኋላ በለሃቭር የጽሕፈት መሣሪያና የሥዕል ፍሬም ሱቅ ከፍቶ የሌሎችን ሠዓልያን ሥራ በፍሬም ሲያስገባና ሲያሳይ ቆየ፤ ከዚያም ብሩሹን አነሣ። ወደ ብሪታኒ፣ ወደ ኔዘርላንድስ፣ በስተርጅናውም ወደ ቬኒስ ተጉዞ ሥሏል፤ ይሁን እንጂ ሁልጊዜ ወደ ኖርማንዲ ይመለስ ነበር። በ1898 ያረፈውም ከትሩቪል በወንዝ ብቻ በምትለየው በዶቪል ነው።

ገጣሚውና ሐያሲው ቦድሌር በ1859 ስለ ፓሪሱ የሥዕል ትርኢት ሲጽፍ፣ በቡዳን የሥራ ክፍል ስላያቸው የፓስቴል (እንደ ጠመኔ ያለ ደረቅ ቀለም) ንድፎች አንድ ነገር መዝግቧል። ሠዓሊው በየንድፉ ጠርዝ ላይ ቀኑን፣ ሰዓቱንና የነፋሱን አቅጣጫ ይጽፍ ነበር። ቦድሌር ጽሕፈቱ በእጅ ቢሸፈን እንኳ ተመልካቹ ወቅቱን፣ ሰዓቱንና ነፋሱን ከደመናው ብቻ ሊገምት እንደሚችል ይመሰክራል። እኔ ይህን ካነበብኩ ወዲህ የማንኛውንም ዳርቻ ሥዕል የምመለከተው በዚሁ መንገድ ነው፤ እርስዎም መጽሐፉን እንደገና ገልጠው እንዲሞክሩት እለምንዎታለሁ። በመጀመሪያ ሰንደቅ ዓላማ፣ ጭስ ወይም የሴት ቀሚስ ጫፍ በነፋሱ ወዴት እንደተነዳ ይፈልጉ። ቀጥለው የደመናው ጠርዝ ስል ሆኖ የቆየበትን ጎንና ተበትኖ የለሰለሰበትን ጎን ይለዩ። በመጨረሻም በወንበሮቹ ሥር ያለው ጥላ አጭር ነው ወይስ ረጅም፣ ወደ እርስዎ የመጣ ነው ወይስ ከእርስዎ የሸሸ፣ ልብ ይበሉ። ሦስቱ ነገሮች እርስ በርስ ከተስማሙ፣ ሥዕሉ በእርግጥ በአንድ ቀን በአንድ ሰዓት የታየ ነገር መሆኑን ይረዳሉ።

ፊት የሌላቸው ሰዎችም ከዚሁ ይመነጫሉ። ባቡር ከፓሪስ ወደ ትሩቪል መድረስ የጀመረው በ1863 ነው፤ በዚያው ዘመን የከተማ ሰዎች ሙሉ ልብሳቸውን እንደለበሱ አሸዋው ላይ ወንበር ዘርግተው ይቀመጡ ነበር፤ ቡዳንም በትንንሽ ሳንቃና ሸራ ላይ ደጋግሞ ሥሏቸዋል። ሠዓሊው በቆመበት ርቀት፣ ከባሕር በሚመለሰው ብርሃን ውስጥ፣ የሰው ፊት ከአንድ ፈዛዛ ነጥብ የበለጠ አይታይም። ዓይንና አፍንጫ ቢጨምር ኖሮ ያላየውን መጨመሩ ነበር። ይልቁንም አንዲት ቀይ የብሩሽ ምት ሻርፕ ሆና፣ አንዲት ነጭ ምት ጃንጥላ ሆና፣ ግራጫ የሆነውን አየር ሁሉ እንዴት እንደምታነቃው ይመልከቱ።

በአንድ አካባቢ መቆየት ያለውን ዋጋ ለመረዳት ደግሞ ታዋቂውን ፈረንሳዊ ሠዓሊ ክሎድ ሞኔን ማስታወስ ይበቃል። በለሃቭር ያደገውን ይህን ወጣት በ1858 ገደማ ከቤት አውጥቶ በሜዳ ላይ እንዲሥል ያደረገው ቡዳን ሲሆን፣ ሞኔም ዓይኑ የተከፈተው በእርሱ እንደሆነ ኋላ ላይ በግልጽ ተናግሯል። ሞኔ ራሱ በ1870 በትሩቪል የሣለውና ዛሬ በለንደን ብሔራዊ የሥዕል ማዕከል የሚገኘው ትንሽ ሥዕል ሲመረመር፣ በቀለሙ ውስጥ የአሸዋ ቅንጣቶች ተጣብቀው ተገኝተዋል። ነፋሱ ሥዕሉ ላይ የታየ ብቻ ሳይሆን ወደ ሥዕሉ የገባም ነበር ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ከቤተሰብ የወረስኩት፣ በአካባቢው ብቻ ይታወቅ በነበረ ሠዓሊ የተሣለ የባሕር ዳርቻ የዘይት ቀለም ሥዕል አለኝ። ሰማዩ ወደ ቢጫማ አረንጓዴ ተለውጧል፤ የማዕበሉ አረፋም እንደ ገለባ ሆኗል። አንድ ዘመዴ በተቆረጠ ድንች ወይም በሳሙና ውሃ ብጠርገው እንደሚጠራ ነግሮኛል። ልሞክረው? ሠዓሊው ቦታው ላይ ሆኖ ሣለው ወይስ በቤቱ፣ ማወቅስ ይቻላል?

መልስ፦ እባክዎ አይሞክሩት። ምክንያቱን በዝርዝር የምናገረው፣ ብዙ መልካም ሥዕሎች የጠፉት በቸልተኝነት ብቻ ሳይሆን በፍቅር በተደረገ ጽዳትም ስለሆነ ነው።

የዘይት ቀለም ዱቄት የሆነ ቀለም በዘይት፣ አብዛኛውን ጊዜ በተልባ ዘይት ተለውሶ የሚሠራ ነው። ይህ ዘይት እንደ ውሃ ተኖ አይደርቅም፤ ከአየር ውስጥ ኦክስጅን እየሳበ ቀስ በቀስ ይጠነክራል። በእጅ ሲነካ የደረቀ የሚመስለው ወፍራም ቀለም እስከ ውስጡ ለመጠንከር ዓመታት ሊፈጅበት ይችላል። ስለዚህ ሠዓልያን በልማድ ሥዕሉ ካለቀ ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ጠብቀው በላዩ ቫርኒሽ ይቀቡታል። የቀድሞዎቹ ቫርኒሾች እንደ ዳማርና ማስቲክ ካሉ የዛፍ ሙጫዎች የሚሠሩ በመሆናቸው ዕድሜ ሲጫናቸው ቢጫ ይሆናሉ። ሰማያዊ በቢጫ መስታወት ሲታይ አረንጓዴ ይመስላል፤ ነጩ አረፋም ገለባ ይሆናል። በእርስዎ ሥዕል ላይ የደረሰው ይህ ሊሆን ይችላል፤ ከሆነ ደግሞ ሰማዩ ከሥሩ በደኅና ተቀምጦ ሊሆን ስለሚችል ተስፋ አይቁረጡ። ቢጫው ከሁሉ በላይ የሚጎዳው ርቀትን ነው፤ አድማሱን ወደ ኋላ የሚገፋው ቀዝቃዛው ግራጫ ሲሞቅ፣ ባሕሩ እንደ ግድግዳ ቆሞ ይታያል።

አደጋው እዚህ ላይ ነው። የዳርቻ ሠዓሊ የመጨረሻዎቹን ነገሮች፣ ለምሳሌ የጀልባዋን የምሰሶ ገመድ፣ በእርጥብ አሸዋ ላይ የሚያርፈውን የሰማይ ነጸብራቅ፣ አድማሱን የሚያለዝበውን ጭጋግ፣ በጣም በቀጠነ ቀለም ከላይ ያሳርፋቸዋል። በግምት የተመረጠ ማሟሟያ ቫርኒሹን ሲያነሣ እነዚህን ቀድሞ ይወስዳቸዋል፤ ሥዕሉ ከዚያ በኋላ ንጹሕ ሆኖ፣ ነገር ግን ሰዓቱ ጠፍቶበት ይቀራል። የሳሙና ውሃና የድንች ጭማቂ ደግሞ በስንጥቆቹ በኩል ወደ ውስጥ ይሰርጋሉ፤ ከቀለሙ ሥር ያለው የሙጫ ንጣፍ ውሃ ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ቀለሙም እየተነሣ ይረግፋል። ድንቹ የሚተወው ስታርችም በጊዜ ብዛት ሻጋታን ይጋብዛል። የሠለጠነ የሥዕል ጥገና ባለሙያ በፍሬሙ ከተሸፈነው ጠርዝ ላይ፣ ከጥፍር ባነሰ ስፍራ፣ በጥጥ ጫፍ ሞክሮ ካረጋገጠ በኋላ ብቻ ይቀጥላል። እስከዚያው ድረስ ሥዕሉን ቀጥተኛ ፀሐይ ከሚያርፍበት፣ ከእሳት ምድጃ በላይና እርጥበት ከሚመታው ግድግዳ ያርቁት። የሚረግፍ ቀለም ከሌለ፣ አቧራውን በደረቅና ለስላሳ ብሩሽ በዝግታ ማንሣት ይችላሉ፤ ከዚህ አይለፉ።

ስለ ሁለተኛው ጥያቄዎ፣ ክፍሉን አጨልመው አንድ መብራት ከሥዕሉ ጎን፣ ብርሃኑ ሸራውን አግድም እየላሰ እንዲያልፍ አድርገው ይያዙ። በደጅ በፍጥነት የተሣለ ሥዕል ብዙውን ጊዜ ቀለሙ ገና እርጥብ ሳለ ሌላ ቀለም የተጨመረበት ነው፤ አረፋውን የሠራው ነጭ ምት ሲያልፍ ከሥሩ ያለውን አረንጓዴ ጎትቶት እንደሆነ፣ ጫፉ ላይ ሁለቱ ቀለሞች ሳይዋሐዱ ጎን ለጎን እንደ ክር ተዘርግተው ይታያሉ። በደመናዎቹ መካከልም የሸራው ንጣፍ ሳይሸፈን የቀረባቸው ትንንሽ ክፍተቶች ይኖራሉ። በቤት የተጠናቀቀ ሥዕል በአንጻሩ ከደረቀ በኋላ ተደራርቦ የተቀባ በመሆኑ ምቶቹ ተለያይተው ይቀመጣሉ። አሜሪካዊው ሠዓሊ ጆን ራንድ በ1841 የቆርቆሮ የቀለም ቱቦን የፈጠራ መብት ካስመዘገበ ወዲህ ዘይት ቀለም ይዞ ዳርቻ መውረድ ቀለለ፤ ይሁንና ቡዳንን ጨምሮ ብዙዎች በደጅ ጀምረው በቤት ይጨርሱ ስለነበር፣ ሁለቱንም ምልክት በአንድ ሸራ ላይ ቢያገኙ አይደነቁ።

ሠዓሊው በአካባቢው ብቻ መታወቁ ደግሞ ሥራውን አሳንሰው እንዲያዩት አያድርግዎት። ማዕበል የሚሰበረው የውሃው ጥልቀት ከማዕበሉ ቁመት እምብዛም በማይበልጥበት ቦታ ነው። ስለዚህ የአረፋው መስመር ከሥሩ ያለውን የባሕር ወለል ይናገራል፤ ዳርቻውን የማያውቅ ሠዓሊ አረፋውን እንዳማረው ይበትነዋል፣ የሚያውቀው ግን የአሸዋው ቁልል ባለበት ላይ ያሰልፈዋል። እርጥብ አሸዋ ከደረቁ እንደሚጠቁርና ሰማዩን እንደሚያንጸባርቅ፣ ውሃው ሲሸሽ የተወው ጠርዝ የት ላይ እንደሚያርፍ የሚያውቀውም ያው ሰው ነው። ይህ ዕውቀት በሥዕልዎ ላይ ካለ፣ ስሙ በመጽሐፍ ባይጻፍም ትልቅ ነገር በእጅዎ ይዘዋል።

ጥያቄ፦ አንድ የዳርቻ ሥዕል በ1880 ገደማ እንደተሣለ ተነግሮኛል። ነጩን ቀለም በማስመርመር ይህን ማረጋገጥ ይቻላል ወይ?

መልስ፦ ማረጋገጥ ሳይሆን ማፍረስ ይቻላል። በ1880 ሠዓልያን የነበራቸው ነጭ ከእርሳስ ማዕድን ወይም ከዚንክ የሚሠራ ነበር፤ የቲታኒየም ነጭ ለሠዓልያን የቀረበው ከ1920 አካባቢ ወዲህ ነው። ስለዚህ በአረፋው ወይም በደመናው የመጀመሪያ ንጣፍ ውስጥ ቲታኒየም ነጭ ከተገኘ የተነገረዎት ዘመን አይቆምም፤ ኋላ በተጠገነ ስፍራ ብቻ ከተገኘ ግን ስለ ጥገናው እንጂ ስለ ሥዕሉ የሚናገረው የለም። የእርሳስ ነጭ መገኘቱ ብቻውን ምንም አያረጋግጥም፤ ሠዓልያን ከዚያ በኋላም ለብዙ ዘመን ተጠቅመውበታልና።

ከምርመራው በፊት ግን ሥዕሉን ገልብጠው ጀርባውን ይመልከቱ። የሸራ ነጋዴ ማኅተም፣ የትርኢት ወረቀት ወይም የእጅ ጽሕፈት ካለ በጥሩ ብርሃን ፎቶ ያንሡት፤ ፍሬም የሚቀይርልዎ ባለሙያም የቀድሞውን የእንጨት መወጠሪያ እንዳይጥለው አስቀድመው ይንገሩት። እንደ ቡዳን ያለ ሠዓሊ ከሆነ፣ ቀኑና ነፋሱ የተጻፈው እዚያ እንጨት ላይ ሊሆን ይችላል።