መልስ፦ የአርጀንቲናን ቀውስ ያመጣው ዴ ላ ሩዋ ነው?

ወንድሜ፣ «የ2001ዱን የአርጀንቲና የኢኮኖሚ ቀውስ ያመጣው ፕሬዚዳንት ፈርናንዶ ዴ ላ ሩዋ ነው ወይ?» ላልከው፣ አላመጣውም። ያባባሰው ግን እሱ ነው።

በዲሴምበር 1999 ሥልጣን ሲይዝ ኢኮኖሚው ቀድሞውንም እያሽቆለቆለ ነበር። የአገሪቱ ገንዘብ፣ አንድ ፔሶ በአንድ ዶላር እንዲመነዘር በሕግ የታሰረው በ1991፣ ከእሱ በፊት በነበረው ፕሬዚዳንት በካርሎስ ሜኔም ዘመን ነው። ሕጉ የዋጋ ንረቱን ገትቷል፤ ይህን መካድ አይቻልም። ብራዚል በ1999 መጀመሪያ የገንዘቧን ዋጋ ስታወርድ ግን የአርጀንቲና ዕቃ ተወደደና ገበያ አጣ። መንግሥትም በዚሁ ሕግ ምክንያት እንደልቡ ገንዘብ ማተም ስለማይችል ጉድለቱን በብድር ይሸፍን ነበር።

ዴ ላ ሩዋ ምንዛሪውን አልነካም። እንዲያውም የሕጉን አባት ዶሚንጎ ካቫሎን መልሶ የኢኮኖሚ ሚኒስትር አደረገው፤ የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝና ጡረታ በ13 በመቶ ተቆረጠ። ሰው ገንዘቡን ከባንክ ማሸሽ ሲጀምር ደግሞ፣ በዲሴምበር 2001 መጀመሪያ፣ በሳምንት ከ250 ፔሶ በላይ ጥሬ ገንዘብ ማውጣት ተከለከለ። ዕድሜ ልኩን የቆጠበ ጡረተኛ የገዛ ገንዘቡን ባንክ በር ላይ ተሰልፎ ሲለምን አስበው!

ዲሴምበር 19 ማታ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲያውጅ የቦነስ አይረስ ሕዝብ ድስትና መጥበሻ እየቀጠቀጠ አደባባይ ወጣ። በሁለት ቀን ውስጥ በመላ አገሪቱ ከ30 በላይ ሰው ሞተ። ሌላውን ስህተቱን ልረዳለት እችላለሁ፣ ይህንን ግን አልችልም። በማግስቱ ሥልጣን ለቆ ከቤተ መንግሥቱ ጣሪያ በሄሊኮፕተር ሄደ። ዕዳ መክፈል የቆመውም፣ ፔሶ ከዶላር የተፈታውም ከእሱ በኋላ በመጡት እጅ ነው።