እናትሽን ከማምጣትሽ በፊት የእኔን ጉድ ስሚ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ትናንት ማታ አንብቤ እንቅልፍ አልወሰደኝም። እናትሽ 74 ዓመታቸው ነው፣ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት፣ ባለፈው ሳምንት ግቢ ውስጥ ሽንት ቤት ሲሄዱ ወደቁ። አንቺ ኮንዶሚኒየም ነሽ። «ወደ እኔ ላምጣቸው ወይስ ሰው ልቅጠርላቸው?» ነው ያልሽው። ከላይ የመለሱልሽ ሰዎች በሙሉ «እናት አንድ ናት፣ አምጪያቸው» ብለውሻል። ለእኔም እንዲሁ ብለውኝ ነበር። አንዳቸውም ግን ደረጃውን አብረውኝ አልወጡም።

በቁጥር ልጽፍልሽ ነው፣ እንዳይረዝምብሽ።

1. አታምጪያቸው። ቢያንስ አሁን አታምጪያቸው።

የእኔ እናት ፈረንሳይ ለጋሲዮን ነው የምትኖረው። ከ40 ዓመት በላይ እዚያው ቤት። እኔ ጀሞ፣ አራተኛ ፎቅ። ሊፍት የሚባል ነገር የለም። በ2016 ክረምት ግቢ ውስጥ አዳልጧት ወደቀች፤ ጉልበቷ ተላጠ እንጂ ምንም አልሆነችም። እኔ ግን ደነገጥኩ። ጥቅምት ላይ በሁለት ሻንጣና በአንድ መሶብ ጠቅልዬ አመጣኋት። ደረጃው 72 ነው። የቆጠረችው እሷ ናት፤ በየፎቁ ቆማ «ስንት ቀረ?» እያለች።

የመጀመሪያው ሳምንት ደስ ይል ነበር። በሁለተኛው ሳምንት በረንዳ ላይ ወንበር አውጥታ ቁልቁል ማየት ጀመረች። «ምን እያየሽ ነው እማዬ?» ስላት «ሰው» አለችኝ።

የእኛ ፎቅ ጎረቤቶች ጠዋት 1 ሰዓት ቆልፈው ይወጣሉ፣ ማታ 1 ሰዓት ይገባሉ። ሰላምታ ደረጃ ላይ ነው። አንድ ቀን ከሥራ ስገባ ረከቦቱ ላይ አምስት ሲኒ ተደርድሯል፣ ፈንዲሻው እንዳለ ነው፣ ጀበናው ቀዝቅዟል። የሁሉንም በር አንኳኩታለች። የከፈተላት የለም። ለራሷም አልቀዳችም። ያን ቀን ቤቷ ልመልሳት ይገባኝ ነበር። አልመለስኳትም፤ «ትለምደዋለች» አልኩ።

ታኅሣሥ ላይ የማኅበር ጓደኛዋ አረፈች። እማዬ የሰማችው በሰልስቱ ነው። በእድራቸው መጋረጃና ድንኳን ስታስወጣ የኖረች ሴት የጓደኛዋን ቀብር አመለጣት። አልወቀሰችኝም። ለሦስት ቀን ግን ከእኔ ጋር እራት አልበላችም።

ከዚያ ጥር። ውሃ እኛ ሰፈር በፈረቃ ነው፤ አራተኛ ፎቅ የሚደርሰው ሌሊት ነው። ተነስቼ በርሜሉን ሞላሁ፣ ትንሽ ፈሰሰ፣ «ጠዋት እወለውለዋለሁ» ብዬ ተኛሁ። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ጓ የሚል ድምፅ ሰማን። የመታጠቢያ ቤቱ በር ወደ ውስጥ ነው የሚከፈተው። እሷ የወደቀችው በሩ ሥር ነው። ስገፋው የምገፋው እሷን ነው። ከውስጥ «አይዞሽ፣ ደህና ነኝ» ትለኛለች፤ አይዞሽ ባይዋ እሷ! እየተሳበች አንድ ስንዝር ፈቀቅ ስትል የ8 ዓመቱ ልጄ በቀዳዳው ሾልኮ ገባ። 20 ደቂቃ ፈጅቶብናል።

የእጅ አንጓዋ ተሰብሯል። ሁለት ጥበቃዎች በፕላስቲክ ወንበር ተሸክመው 72ቱን ደረጃ አወረዷት። «ወጌሻ ይበልጣል» ያሉኝም ነበሩ። በጣም ጠብቆ የታሰረ ስብራት ደም ዘግቶ እጅ ሊያስቆርጥ ይችላል፤ መጀመሪያ ራጅ፣ ሌላው በኋላ።

አየሽ፣ በቤቷ ወድቃ ጉልበቷ ተላጠ። «ከአደጋ ላድናት» ብዬ ባመጣኋት ቤት ነው የተሰበረችው።

2. ቤታቸውን አታከራዪባቸው። በፍጹም።

ይህቺ ናት እኔን ያቃጠለችኝ። እማዬን እንዳመጣሁ «ቤቱ ባዶ ከሚቀመጥ» አልኩና አከራየሁት። ገንዘቡ ለመድኃኒቷ ይሆናል ብዬ። በ2016 የወጣውን የቤት ኪራይ አዋጅ፣ 1320ን፣ እንደ ወሬ ሰምቼዋለሁ እንጂ አላነበብኩትም። የመኖሪያ ቤት ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ያዛል። ውሉም ይመዘገባል። ፈረምኩ፣ አስመዘገብኩ፣ በሥርዓት ሠራሁ ብዬ ኮራሁ።

እጇ ሲሰበር «ቤቴ መልሺኝ» አለች። የት ልመልሳት? አንድ ቢሮ ሄድን፤ ስሙን አልጠራም፣ የሄደ ያውቀዋል። እጇ በጄሶ፣ አንገቷ ላይ በነጠላ ታስሮ። ሁለት ሰዓት ቆመን ተራችን ደረሰ። የሚያስተናግደው ልጅ ከስልኩ ቀና አላለም። «እናቴ፣ ውሉ ሁለት ዓመት ነው። እስከዚያ ልጅዎ ጋ ይቆዩ፣ ፎቅ ምን አለው?» አላት።

«ልጄ፣ ሁለት ዓመት ያለኝ ይመስልሃል?» አለችው።

ያን ጊዜ ቀና አለ። ግን «የሚቀጥለው!» ብሎ ጠራ። ልጁ ያለው ሕጉን ሊሆን ይችላል። ወንበር ማቅረብን ግን የሚከለክል አዋጅ የለም።

በመጨረሻ ተከራዮቹን ራሳቸውን አናገርኳቸው። ሕፃን የያዙ ባልና ሚስት ናቸው፣ ደህና ሰዎች። በስምምነት ውሉን አፈረስን፤ የመኪና ከፈልኩ፣ የአንድ ወር ኪራይ ጨመርኩ፣ 20 ሺህ ብር ገደማ ወጣብኝ። እማዬ ሰኔ 2017 ቤቷ ገባች። ምርቃቱ እስካሁን አላለቀም።

ስለዚህ «ልሞክረው» ካልሽ እንኳን ቤቱን ቆልፈሽ፣ አልጋቸውን ሳትነኪ፣ ለሁለት ሳምንት እንግድነት ብለሽ ውሰጂያቸው። የሚመለሱበት በር ይኑር።

3. ቤቱን አስተካክዪ

እዚህ ላይ እመካለሁ፤ ብቻዬን ነው የሠራሁት። ወንድሜ ውጭ ነው፤ ምክር ይልካል። አንገት ላይ የሚንጠለጠል፣ ሲወድቁ የሚጫኑት ቁልፍ ላከላት። እዚህ የሚቀበለው ማዕከል የለም፤ ቢጫኑት የሚሰማው ጎረቤት ያለ ውሻ ነው። እማዬ «ልጄ የላከልኝ» ብላ ከማተቧ ጋር አንጠልጥላው ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች።

ከሁሉ በፊት ከአልጋ እስከ ሽንት ቤት ያለውን መንገድ በሌሊት፣ መብራት አጥፍተሽ፣ ራስሽ ሂጂበት። እኔ ሄጄ ነው የገባኝ። የማብሪያው ቁልፍ በሩ ጋ ነበር፤ አልጋዋ ራስጌ አስመጣሁት። መብራት ሲጠፋ የሚበራ ባትሪ ያለው አምፖል ጨመርኩ። የበሩ ደፍ አይታያትም ነበር፤ ነጭ ቀለም ቀባሁት። ሊሾው እርጥብ ሲሆን በረዶ ነው፤ ከቤት እስከ ሽንት ቤት ሸካራ ሲሚንቶ አስደረግሁ። በያጅ ጠርቼ በግድግዳው ላይ የቱቦላሬ መደገፊያ አስበየድኩ። ሽንት ቤቱ የቁጢጥ ነው፤ አናጢው መሃሉ የተቀደደ ጠንካራ ወንበር ሠራልኝ። ነጠላ ጫማውን ጣልኩት፤ ከኋላ ተረከዝ የሚይዝ ጫማ ነው የምታደርገው። ለዚህ ሁሉ ያወጣሁት ለተከራዮቹ ከከፈልኩት ያንሳል።

ፖፖው ላይ ተጣላን። «እኔ ሕፃን ነኝ?» አለች። እኔ ስለምናት ወር ፈጀ። አንድ ቀን ጎረቤታችን እትዬ፣ ቡና ላይ ተቀምጠው፣ «እኔ እኮ ከፖፖ ውጪ ሌሊት ንቅንቅ አልልም» ሲሉ ሰማች። በነጋታው አልጋ ሥር ገባ። እናትሽን የሚያሳምነው እኩያቸው ነው፣ አንቺ አይደለሽም።

ከሰል! ፈረንሳይ እንጦጦ ሥር ነው፤ ነሐሴ ላይ ይበርዳል። እማዬ ቡና ያፈላችበትን ምድጃ ወደ መኝታ ቤት ታስገባና በሩን ትዘጋ ነበር። «ጭሱ አልቋል» ትላለች። የሚገድለው ግን የሚታየው ጭስ አይደለም፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ አይሸትም፣ አይታይም፣ በእንቅልፍ ነው የሚወስደው። ወፍራም ጋቢ ገዛሁ፣ የሙቅ ውሃ ላስቲክ ገዛሁ፣ ምድጃው ማታ ማታ ጎረቤት ያድራል። አዎ፣ ጎረቤት። እሷን አላምናትም።

4. መድኃኒቱን በሙሉ በፌስታል ይዘሽ ሐኪም ጋ ሂጂ

እማዬ ግፊት አለባት። ከምትወስዳቸው ኪኒኖች አንዱ የሚያሸና ነው። ጠዋት መውሰድ ሲገባት ማታ ትውጠዋለች። ለምን? «ቅዳሴ ላይ እንዳያስቸግረኝ።» ሌሊት ሦስቴ የሚያስነሳት ለካ እሱ ነው! ሌሊት መነሳቱ ስለሰለቻት ደግሞ ከ10 ሰዓት በኋላ ውሃ አትጠጣም። ሰውነቷ ደርቆ ስትነሳ ያዞራታል። ከዚህ ሌላ ከጎረቤት የተበደረችው የእንቅልፍ ኪኒን ተገኘ፤ እሱም ያንገዳግዳል። ሐኪሙ ፌስታሉን ዘርግፎ አየና የእንቅልፉን አስጣላት፣ የሚያሸናውን ከቅዳሴ ስትመለስ እንድትውጠው አደረገ። ዋናው ነገር ከአልጋ ድንገት አለመነሳት ነው አላት። አሁን አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብላ አንድ አባታችን ሆይ ደግማ ነው የምትነሳው።

ጾሙን እንዳትረሺ። እስከ 9 ሰዓት ትጾምና ኪኒኗን ትዘላለች። እኔ ብናገር መናፍቅ ሆንኩ። የንስሐ አባቷን ቤት ጠርቼ ነገርኳቸው፤ «መድኃኒት ጾም አይገድፍም፣ እሱንም በውሃ ዋጪ» አሏት። አለቀ።

ዓይናቸውንም አስመርምሪ። እማዬ ሁለቱም ዓይኗ ላይ ሞራ ነበረ፤ እኛ «እርጅና ነው» እንል ነበር። ምኒልክ ሆስፒታል አንዱ ተሠራላት። ፋሻው በተነሳ ማግስት ቤቷን ዞር ዞር ብላ አየችና «እንዲህ ቆሽሾ ነው እንዴ የምኖረው?» ብላ ግድግዳ ማጠብ ጀመረች። ለማስቆም ሌላ ጸብ።

5. ሰው ልቅጠር ወይ ላልሽው

እኔ ሁለት ቀጥሬ ሁለቱም ወር አልሞሉም። በደላላ ነው ያመጣኋቸው። ልጆቹ መጥፎ አልነበሩም፤ እማዬ ናት ያባረረቻቸው። «ጓዳዬ ውስጥ ሌላ ሴት» አይዋጥላትም። ሽንኩርት ከትፈው ሲሰጧት አልቅሳለች፤ በሽንኩርቱ አይደለም።

የሠራልን ሌላ ነው። ከክፍለ ሀገር መጥታ ማታ የምትማር ልጅ አለች፤ አንዷን ክፍል ያለ ኪራይ ሰጠናት። ከትምህርት መጥታ እዚያ ታድራለች፣ ሌሊት ድምፅ ትሰማለች። አታገለግላትም። ይልቅ እማዬ ናት እራት የምታቆይላት፣ «ፈተና እንዴት ነበር?» የምትላት። የሚጠብቃት ሰው ስታገኝ ዳነች ብል አላጋነንኩም።

ቀን ላይ ጠባቂዋ ቡናው ነው። ሦስት ቤት በተራ ያፈላሉ። ከቡና ከቀረች በ10 ደቂቃ ውስጥ በር ይንኳኳል። መለዋወጫ ቁልፍ እትዬ ጋ አለ። ይህን ወንድሜ ከላከው ቁልፍ ጋር አወዳድሪው። የእድሩን መዋጮ ደግሞ አንድ ወር እንዳታዛልፊ። እኔ ጀሞ በነበርን ጊዜ ሁለት ወር ረስቼ በስብሰባ ስሟ ተነበበ፤ ከስብራቱ ይልቅ እሱ ነው ያመማት።

አንቺ በየቀኑ ደውዪ፣ ግን ሰዓት ቁረጪ። እኔ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ነው የምደውለው። ካለፈ ታኮርፋለች፤ ካነሳች ደህና ናት ማለት ነው።

የበያጁን ስልክ ከፈለግሽ በውስጥ ጻፊልኝ። ጎበዝ ነው፣ ዋጋ ግን ተከራከሪው።

ወይኔ፣ ልረሳው ነበር! የሽንት ቤቱን በር ወደ ውጭ የሚከፈት አድርጊው። በያጁ ማጠፊያውን ቀይሮ ለመገልበጥ ግማሽ ቀን አልፈጀበትም። የውስጡን መቀርቀሪያም ንቀዪው። እኔ ነቅዬዋለሁ። ባለፈው እሑድ ስሄድ በቦታው ገመድ አስራ ከውስጥ ስትጠመጥመው ደረስኩባት።