ጥላ ሥር የምትነጠፈው ስፓይደር ፕላንት፦ ጥያቄና መልስ ከጎንደር

መልስ፦ ስፓይደር ፕላንት ስል ያቺን ነጭ መስመር ያላት፣ ቅጠሏ ቀጭንና ረዥም የሆነችውን ማለቴ ነው። ብዙ ሰው በጣሳ ተክሎ በረንዳ ላይ ይሰቅላታል፤ እኔ ዛፍ ሥር መሬት ላይ ነው የማነጥፋት። አገሯም እዚሁ አፍሪካ ነው። ጠይቁ።

የማራኪ ሰፈሯ ጠያቂ፦ ጋሼ፣ የኛ ግቢ አፈር ዋልካ ነው። አቮካዶው ሥር ተክያት አምና ነሐሴ ላይ ሞተችብኝ፤ ዘንድሮም ቢጫ እየሆነች ነው። ውሃ አንሷት ይሆን?

መልስ፦ እታለም፣ ጎንደር ውስጥ በነሐሴ ውሃ የሚያንሰው ተክል የለም። የሚገድላት ውሃው ነው። አንዷን ነቅለሽ ሥሯን እዪው። ጤነኛ ሥር ነጭ ነው፣ እንደ ሕፃን ጣት ወፈር ያለ፤ ስትሰብሪው ቀጭ ይልና ውሃ ይወጣዋል። በጋውን የምትሻገረው እዚያ ባጠራቀመችው ነው። ዋልካ ደግሞ ክረምቱን ሙሉ ውሃ ያቁራል፣ ያ ሥር ይበሰብሳል። መደቡን ስንዝር ያህል ከፍ አድርጊ፣ የበሰበሰ ፍግ ቀላቅዪበት፣ ዳር ዳሩን ቦይ አውጪ። ከዚያ በረዥሙ ዘንግ ጫፍ የሚንጠለጠሉትን ልጆቿን ቆርጠሽ በስንዝር ተኩል ርቀት ትከያቸው። ጊዜው ሰኔ ነው፣ መሬቱ ርሶ ዝናቡ ሳይከብድ። አደራ፣ ውሃ አይተኛባት።

የአዘዞው፦ ባሕር ዛፍ ሥርስ?

መልስ፦ አትልፋ።

የአራዳው፦ እኔ ጋ በቅላለች።

የአዘዞው፦ እያጠጣሃት ነዋ! ባሕር ዛፍ ምንጭ ያደርቃል፣ ቁረጠውና ተገላገል።

የአራዳው፦ ቤቴ የቆመው በሱ ነው፣ ወንድሜ። በምኒልክ ዘመን የገባውም ማገዶ ቢጠፋ ነው።

መልስ፦ እባካችሁ፣ የባሕር ዛፉን ነገር ሌላ ቀን።

የቀሃው፦ ተክሌ ታሞብኛል፣ ምን ላድርግ?

መልስ፦ የቱ ተክል? ቅጠሉ ነው ሥሩ? የት ነው ያለው? ይህን ሳትነግረኝ ምን ብዬ ልመልስ?

የቀሃው፦ ይቅርታ፣ ስፓይደሯ ናት። በረንዳ ላይ ቀትር ፀሐይ ያገኛታል፣ ቅጠሏ ነጣ ብሎ ጫፉ ደረቀ።

መልስ፦ ከ2,000 ሜትር በላይ ነው ያለነው፣ ፀሐዩ ይለበልባል። ወደ ጥላ ውሰዳት።

የሎዛዋ፦ ልጄ ቅጠሏን ያኝካል፣ መርዝ አላት?

መልስ፦ የላትም።

የፒያሳዋ፦ በቀን ስንት ጊዜ ላጠጣት?

መልስ፦ አሁን ለማራኪዋ ምን አልኩ? በቀን የሚባል የለም! መሬት ላይ ያለችውን በክረምት ጨርሶ አታጠጪያት። በበጋ ጣትሽን አፈሩ ውስጥ አስገቢ፤ ደርቆ ካገኘሽው ብቻ አጠጪ። ቧንቧ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ እሷን የመረጥኩት ለዚሁ ነው። ውሃ አይተኛባት።

የማራኪዋ፦ ጋሼ፣ ነቅዬ አየኋት። ሥሯ ቡናማ ሆኖ ይሸታል። ዘንጓ ላይ ግን አንድ ልጅ አረንጓዴ ናት።

መልስ፦ ጎሽ! እሷን ቆርጠሽ ግርጌዋን ብቻ ውሃ እንዲነካው አድርገሽ ብርጭቆ ላይ አስቀምጪያት። ሥር እስክታወጣ መደቡን ከፍ አድርጊ።